መሳቢያ ውስጥ የከረመው ፖስታ

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ላክሁት።

ከፖስታ ቤት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ደብተሩ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የሽማግሌዎቹን ምግብ ሊመዘግቡበት ገዝተውት ሁለት ገጽ ጽፈው ጣሉት። ለማንም የማልነግረውን ነገር አንድ ቦታ ካላስቀመጥኩት አንድ ቀን ከአፌ ያመልጠኛል።

ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ "አስቸኳይ ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"መቼ እንዲደርስ ነው?"

"ትናንት" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

የወንድሜ የፒዮ የሥራ ፈቃድ፣ በልጅነት ድንበር ተሻግረን ለመጣን የሚሰጡንና እንዳንባረር የሚጠብቀን፣ የሚያበቃው ኦክቶበር 9 ነው። ስልሳ ስምንት ቀን። ሰው ሁሉ ዘንድሮ ማሳደስ አራት ወር፣ አምስት ወር ይፈጃል ይላል። ፒዮ ማመልከቻው ሜይ ላይ ከኔው ጋር እንደተላከ ነው የሚያውቀው። ተልኮም ነበር። ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የላክሁት። የኔ አለፈ፣ የሱ ተመለሰ፤ ፎርሙ አሮጌው ነው ብለው። ከዚያ እማዬ ወደቀች። ከዚያ ረሳሁት። እንዲህ ነው የሆነው።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ፈረቃዬ ሊጀምር ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ፒዮ ደወለ። "ደብዳቤ መጣ?" "ገና ነው።" ውሸት አይደለም። ገና ነው።

ኦገስት 10፣ እሑድ

ዛሬ ሥራ የለኝም፤ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከቅዳሴ በኋላ ፒዮ ቤት በላን። ሚስቱ ብሪሴይዳ ፖሶሌ ሠርታ ነበር። የበቆሎና የሥጋው ሾርባ ለሃያ ሰው ይበቃል፣ እኛ አራት ነን። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እሷ ፈቃድም ምንም የላትም፤ ዘግይታ ስለመጣች አይመለከታትም። መኪና አትነዳም፤ ካልወሰዷት ከቤት አትወጣም። ግን ከሁላችን የምትስቀው እሷ ናት።

"እትዬ፣ ሥጋውን ትተሽ መረቁን ብቻ! መጦሪያ ያሉት ጥርስ የሌላቸው እንኳ ካንቺ ይሻላሉ" አለችኝ።

ፒዮ አዲሱን የፈቃድ ካርዴን ከቦርሳዬ አውጥቶ ፎቶውን ያይ ጀመር። "እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው? ላም ሰርቃ የተያዘች ትመስያለሽ እኮ!"

"ያንተንም እናያለን።"

"የኔማ መጥቶ ባየነው! በአንድ ቀን ልከሽው ያንቺ በጁላይ መጥቶ የኔ ምን ሆነ?"

"ኮምፒውተሩ ነው አሉ እንደፈለገ የሚመርጠው።"

"መልክ አይቶ ቢሆንማ እኔን ነበር የሚያስቀድመው።" እማዬ እስክታስል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ከዚያ ብሪሴይዳ "ዴንቨር ሊቀጥሩት ያሉት ሰዎች እስከ ጃንዋሪ እንጠብቃችኋለን ብለዋል፤ ብቻ ካርዱ ይምጣ" አለች። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ዴንቨር ሰው ጎረቤቱን አያውቅም" አልኩ።

"እዚህስ የምናውቃቸው ምን ፈየዱልን?" አለ ፒዮ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበቆሎ ጎተራ የመብራት ሽቦ ስዘረጋ ኖርኩ። እዚያ የፎቅ ሥራ ነው እታለም፣ ሆስፒታል ነው የሚሠሩት።"

ይሂድ። ማን ያዘው? እኔ የምለው፣ እማዬ በዚህ ዳሌዋ ደረጃ መውጣት አትችልም፤ እኔ ስድስት ቀን እሠራለሁ፤ ይህን ማሰብ የማን ሥራ ነው? ድንበሩን ስንሻገር እኔ ዘጠኝ፣ እሱ ሦስት ዓመቱ ነበር። እማዬ ውሃውን ተሸከመች፣ እኔ እሱን። ከዚያ ወዲህ የዚህ ቤት ወረቀት ሁሉ በኔ እጅ ነው ያለፈው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አንባቢ እኔ፣ ሐኪሙ ዘንድ አስተርጓሚ እኔ፣ ፎርም ሞይ እኔ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

ፖስታው የተመለሰው ጁን 12 ነው፣ ሐሙስ። ቀኑን የማልረሳው ከሰዓት በኋላ ፒዮና ብሪሴይዳ መጥተው የዴንቨርን ነገር የነገሩን ዕለት ስለሆነ ነው። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። በሩን ሲያንኳኩ የጠረጴዛ ልብስ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። በነጋታው ልልከው ነበር። ከዚያ እማዬ ወደቀች።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

ደረሰኙ መጣ። አናቱ ላይ "ማመልከቻው የደረሰበት ቀን፦ ኦገስት 5" ይላል፤ በትልቁ።

ፒዮ ይህን ወረቀት ነው የሚጠብቀው። አሠሪው ዱዌይን ለመዝገብ ኮፒ ፈልጓል። ሰጥቼው ቀኑን ካየ አለቀ። የሥራ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከጓንቶቹ ሥር አደረግኩት። ከሰዓት በኋላ ደወለ።

"ደረሰኙስ?"

"አልመጣም።"

ይሄኛው ውሸት ነው።

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ

ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሄድኩ። ጠበቃዋ ግሬችን ሐሙስ ሐሙስ እዚያ በነፃ ታማክራለች። ሰልፉ እስከ ደረጃው ደርሶ ነበር።

ደረሰኙን አየችና "በጣም ዘግይቷል" አለች። "ግን መንገድ አለ። አሠሪው ደብዳቤ ይጻፍልን፣ ሚስቱ እርጉዝ መሆኗን የሐኪም ወረቀት አምጡ፣ እሱ ይፈርም። ቶሎ ይታይልን ብለን እንጠይቃለን። ይሰጣሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ ሲሰጡ ግን አይቻለሁ። በሚቀጥለው ይዘሽው ነይ።"

"ሥራ ይበዛበታል።"

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው። "አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥራ አለው?"

"እነግረዋለሁ" አልኳት። ነገ እነግረዋለሁ።

ሴፕቴምበር 5

አልነገርኩትም። ፈረቃዬ ተራዘመ።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ልነግረው ሄጄ ነበር። የሕፃኑን ክፍል ቀለም እየቀባ አገኘሁት። ብሩሽ ሰጠኝ። ጎን ለጎን ቆመን ግድግዳ ቀባን። "ፒዮ" አልኩት። "ወይ እታለም።" "ይሄ ቢጫ አልደመቀም?" "ብሪ ነች የመረጠችው፤ ለኔማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚመስለኝ።"

ይህን ብቻ ተናግሬ መጣሁ። ፈሪ ነኝ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ "ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጨው መስሏል" አለችኝ።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት። የሥራ ባልደረባዬ ቶንያ ቴሌቪዥኑ ላይ የስደተኞችን ዜና እያየች "ሕጉን ቢከተሉ ምን ነበረበት? ጊዜውን ጠብቆ ወረቀቱን ማስገባት ነው፣ በቃ" አለች። ከዚያ እጄን መታ መታ አደረገችኝ። "አንቺን አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ሌሎቹን ነው።"

ሳንድዊቼን ጨረስኩ። እውነቷን ነው እኮ። ጊዜውን ጠብቆ ማስገባት ነበር።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

የግሬችን ቀን ነበር። ዛሬም አልሄድኩም። እማዬን ሐኪም ወስጃት ነበር። ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻል ነበር? ይቻል ነበር።

ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ

ዱዌይንን ሱፐርማርኬት ውስጥ አገኘሁት። ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለኝ። "የወንድምሽ ነገር ያሳዝናል። ከሜይ ጀምሮ! እኔ መንግሥት ላይ ስጮህ ሚስቴ ደም ግፊትህ ተነሣ ትለኛለች። ደብዳቤ ልጻፍ? ለሚመለከተው ሁሉ እጽፋለሁ።"

"አያስፈልግም፤ በቅርቡ ይመጣል" አልኩት።

ምን ማለቴ ነው? ሰውዬው በገዛ እጁ ሲሰጠኝ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በእጄ ደበደብኩት፤ ጡሩንባው ጮኸና አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

ደብዳቤውን ብቀበለው ፒዮ መፈረም አለበት። ሲፈርም ቀኑን ያያል። እሱ ቀኑን ሳያይ የሚድንበት መንገድ ስፈልግ ከረምኩ። የለም።

ኦክቶበር 1

ስምንት ቀን። የፖስታ ሳጥኑን ቀን ሦስት ጊዜ እከፍታለሁ። ፖስታ የምታመጣው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች።

ኦክቶበር 6

ሦስት ቀን። ምንም።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ነው።

ዱዌይን ከሥራ ሰዓት በፊት ቢሮ ጠርቶት "ካርዱ የመጣ ቀን፣ በዚያው ሰዓት ትመለሳለህ" ብሎ ጨበጠው አሉ። አለቀሰም አሉ፤ ዱዌይን ማለቴ ነው። ፒዮ መሣሪያዎቹን በካርቶን ይዞ እየሳቀ መጣ። "እታለም፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ። አንቺ መጦሪያ ቦታ ፈልጊልኝ።" መንጃ ፈቃዱም ዛሬ አብሮ አበቃ፤ ከፈቃዱ ጋር ነው የተሳሰረው። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ሞተ ነገር አየው።

"እኔ አደርሳችኋለሁ" አልኩ። "ለሐኪሙም፣ ለገበያውም፣ ለሁሉም። ምንም አታስቡ።"

ብሪሴይዳ አቀፈችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር እትዬ?"

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ከሥራ በፊት እሱን አደርሳለሁ። አንድ የአሳማ እርባታ ያለው ሰው የመብራት መስመር ያሠራዋል፤ ወረቀት አይጠይቅም። ከሥራ በኋላ ሄጄ አመጣዋለሁ። መሀል ላይ ብሪሴይዳን ለክትትል ወደ ከተማው ሆስፒታል እወስዳታለሁ፣ አርባ ማይል። ዛሬ መጦሪያው ውስጥ ቆሜ አንቀላፋሁ።

ፒዮ መኪና ውስጥ ዝምታ ጀምሯል። ዛሬ ብቻ መስኮቱን እያየ "አሳማ እንኳ ቁጥር ጆሮው ላይ ተለጥፎለት በነፃነት ይንቀሳቀሳል" አለ። ቀልድ መስሎኝ ስስቅ አልሳቀም።

"ኦክቶበር ላይ ይመጣል ብለሽኝ ነበር" አለ።

"ይመጣል።"

"የሌሎቹን በአራት ወር ሰጥተዋል። የኔን አምስት ወር ተኩል ምን ያደርጉታል? የሆነ ችግር አለ። እስቲ ጠበቃዋን ላናግራት?"

"እኔ አናግራታለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው።"

"ምን ሥራ አለኝ? ሰልፍ ነው የቀረኝ።"

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ፒዮ ዛሬ አሳማ ቤት ሥራ አልነበረውም። በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እኔ አላወቅኩም። አሥር ሰዓት ላይ መኪናዬን ልከፍት ስል የመጦሪያው አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል።

"ኦገስት?" አለኝ።

ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስኩት።

"ግሬችን ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችኝ። ተሳስተሻል አልኳት። ሜይ ነው፣ እህቴ ናት የላከችው፣ እህቴ አትሳሳትም አልኳት። ሴትዮዋ አፈረች፤ ለኔ አፈረችልኝ።"

"ሜይ ላይ ልኬው ነበር። ተመለሰ። ፎርሙ…"

"መቼ ተመለሰ?"

"እማዬ ወድቃ ነበር፣ ፒዮ፣ ታውቃለህ እንዴት እንደነበርን…"

"መቼ ተመለሰ ነው ያልኩሽ።"

"ጁን 12።"

ሲያስብ አየሁት። ከንፈሩ ቀኑን ሲቆጥር ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ቆመ። "ሐሙስ" አለ። "ጫማ እንኳ ሳናወልቅ የነገርናችሁ ዕለት።"

"በነጋታው ልልከው…"

"ኬክ ገዝተን መጥተን ነበር። አንቺ ነሽ የቆረስሽው።"

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ፊቴን ረጅም ጊዜ አየውና በእግሩ ሄደ። "ላድርስህ" ብዬ ተከተልኩት፤ በመኪና ቀስ እያልኩ ከጎኑ፣ እስከ እህል ጎተራው ድረስ። አንድም ጊዜ አልዞረም።

ለምን እንደዚያ እንዳየኝ አልገባኝም። እማዬ ወድቃ ነበር አልኩት እኮ። ሰው አይረሳም?

ኦክቶበር 27

ስልክ አያነሳም። ጠዋት ልወስደው ሄድኩ፤ መኪናው የለችም። ራሱ እየነዳ ሄዷል። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው።

ብሪሴይዳ በሩን ከፈተች፤ አላስገባችኝም። "ወንድምሽ አትምጪ ብሏል" አለች። እትዬ አላለችኝም።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ግሬችን አስቸኳይ ይታይልን የሚለውን ጥያቄ አስገባች። ዱዌይን በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው ደብዳቤውን የጻፈው። አንድ ሰዓት። ሴፕቴምበር 4 ቢሆን ኖሮ…

ኖቬምበር 2

እማዬ "ፒዮ ለምን አይመጣም?" ትላለች። "ሥራ በዝቶበት።" "ሥራ የለውም አላላችሁም?" ውሸቱም ድካም አለው።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ያዙት።

ኖቬምበር 5

ከአሳማ ቤቱ ሲመለስ ነው። አንዱ የኋላ መብራት ተቃጥሎበት የካውንቲው፣ የወረዳችን፣ ፖሊስ አስቆመው። መብራት! ለሰው ሁሉ መብራት ሲሠራ የኖረ ልጅ። መንጃ ፈቃድ ጠየቀው፤ አሳየው፤ ጊዜው አልፎበታል። እስር ቤት ወሰዱት፤ ዛሬ ጠዋት የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ተረከቡት። ያለበት ማቆያ ከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

እኔ እያደረስኩት ቢሆን አይያዝም ነበር። እንዳላደርሰው ደግሞ ጠልቶኛል። እኔ ብልከው ኖሮ ማድረስም አያስፈልግም ነበር። ስዞር ስዞር እዚያው እመለሳለሁ፤ ጁን ላይ።

እማዬ ስትሰማ አልጮኸችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አደረገች። "ወዴት ነው?" አልኳት። "እንሂድ" አለች። "እማዬ፣ አንቺም ወረቀት የለሽም፤ እዚያ መሄድ አትችይም።" ጫማዋን እንዳደረገች ዋለች።

ኖቬምበር 8

ሥራ ገባሁ። ከአንዲት አሮጊት ክፍል ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤ ምን ልሠራ እንደወጣሁ ጠፋኝ። ቶንያ "ታመሻል እንዴ?" አለችኝ። ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ግን እሱ እኮ ጥሩ ልጅ ነው" አለች፤ "የእናቴን ፊውዝ የሠራላት እሱ አይደለም?" "እሱ ነው" አልኳት።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ሴት ልጅ። ሦስት ኪሎ ከምናምን። ስሟ ሲትላሊ።

ብሪሴይዳ ጠዋት ደወለችልኝ፤ ምጥ ጀምሯታል። አርባውን ማይል እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። ኋላ ወንበር ላይ ጥርሷን ነክሳ ተኝታ "ፒዮ" ትላለች እንጂ አንድም ጊዜ የኔን ስም አልጠራችም። ማዋለጃው በር ላይ "አብሬሽ ልግባ?" ስላት ልብሴን ያዘች፤ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ እጄን ጨምቃ ይዛለች። አጥንቴ ያመኛል፤ ባያመኝ ደስ አይለኝም ነበር።

ልጅቱ ከመጣች በኋላ እጄን ለቀቀች። ነርሷ ሕፃኗን ልታስታቅፈኝ ስትዘረጋ ብሪሴይዳ "ለኔ ስጪኝ" አለቻት። ከዚያ ለኔ፣ ቀስ ብላ፣ "እንዳትሳሳቺ ኦዲልያ። የጠራሁሽ መኪና ስላለሽ ነው" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኩ።

የልጅቱ አገጭ የፒዮ ነው። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

ግሬችን የዋስትና ችሎቱ ለማክሰኞ ተቀጠረ አለች። ፒዮ ቸልተኛ ነው፣ ሕግ አያከብርም ብሎ ዳኛው እንዳያስብ ፈቃዱ ያለፈበት በሱ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት አለብን። ቃልሽን በጽሑፍ ስጪ፣ ፈርሚ አለችኝ።

"ምክንያቱን ንገሪኝ" አለች፤ ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ።

"እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ነበርን። ረሳሁት።"

"ጥሩ፤ ይረዱታል። የሆስፒታሉን ወረቀት ነገ አምጪልኝ፣ አያይዘዋለሁ።"

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

የሆስፒታሉን ወረቀት ወሰድኩላት። ፖስታውን ሳልከፍት ነው የወሰድኩት። ለምን እንዳልከፈትኩት እንጃ።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። "ኦዲልያ፣ ይሄ ሜይ 28 ገብተው ጁን 3 ወጡ ነው የሚለው።"

"አዎ።"

"ደብዳቤው የተመለሰው ጁን 12 ነው።"

"አዎ።"

"እናትሽ የወደቁት ከዚያ በፊት ነው። ቤት ገብተው ነበር።"

ደረጃው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ልጅ ያባብላሉ። ግሬችን አልቸኮለችም። ከኦገስት ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ "ከዚያ እማዬ ወደቀች" እያልኩ ጽፌያለሁ፤ አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ስጽፈው ግን እንደዚያ የሆነ ይመስለኝ ነበር። እምላለሁ ይመስለኝ ነበር።

"ወንድሜ ሊሄድ ነበር" አልኳት። "ፈቃዱ ከዘገየ ዴንቨር ያሉት ይተዉታል ብዬ… ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ከዚያ ልልከው። ቀኑ እያለፈ ሲሄድ ማውጣቱን ፈራሁት።"

ጣቶቿ ቆሙ። "ይህን ልጻፈው?"

"ይጠቅመዋል?"

"እሱን ይጠቅመዋል።"

"ጻፊው።"

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ችሎቱ በኮምፒውተር ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ግሬችን ከማያው ፊት፣ እኔና እማዬ ከካሜራው ውጪ ግድግዳው ጥግ። እማዬ ካላየሁት አልበላም ብላ ነው የመጣችው። ብሪሴይዳ ከአራስ ልጅ ጋር ቤት ቀርታለች።

ፒዮ በማያው ጥግ በትንሽ ሳጥን ውስጥ መጣ። ብርቱካናማ ልብስ፤ ከስቷል፤ ፀጉሩ ተላጭቷል። እማዬ እጇን ወደ ማያው ዘርግታ አየር ላይ ጉንጩን ዳሰሰችው።

ግሬችን የኔን ቃል አነበበች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ፒዮ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ያውቀዋል፤ ከአጥሩ ዕለት ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ሲነበብ መስማት ሌላ ነው።

እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። እጅጌዬን ሳበችኝ። "ምን አለች? ያንቺን ስም ሰማሁ። ንገሪኝ።"

ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አስተርጉሜላታለሁ። አንዳንዴ ሐኪሙ መጥፎ ነገር ሲናገር አለስልሼ ነግሬያታለሁ። ዛሬም እችል ነበር። "ስለ ሆስፒታሉ ነው" ብላት ታምነኛለች።

ጆሮዋ ጋ ተጠግቼ ነገርኳት። ቃል በቃል። "የተመለሰውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ደበቅሁት። ወንድሜ ርቆ እንዳይሄድ ፈልጌ ነው። እሱ አያውቅም ነበር።"

እማዬ ማያውን ማየቷን አላቋረጠችም። እጇ እጅጌዬ ላይ ቀረ። በመጨረሻ "እኔም እንዳይሄድ ለጓዳሉፔዋ እመቤት ማርያም ስለት ተስዬ ነበር" አለች። "ግን ልጄ፣ እኔ የጸለይኩት ነው። አንቺ እጅሽን አስገባሽበት።"

ከዚያ እጇን አነሣች።

ዳኛው ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየ። ወንጀል የለበትም፣ አሠሪው መስክሮለታል፣ አራስ ልጅ አለው፣ መዘግየቱ የሱ ጥፋት አይደለም አለ። ዋስትና ፈቀደለት። ግሬችን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ፒዮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሳጥኑ ጠፋ።

ማንም ወደኔ አልዞረም።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

ዋስትናውን ምእመናኑና ዱዌይን አዋጥተው አስያዙ። እኔ የነበረኝን ጨመርኩ፤ ከማን እንደመጣ አትንገሩት አልኳቸው።

ልናመጣው የሄድነው ብሪሴይዳ፣ ሕፃኗና እኔ ነን። ሌላ የሚነዳ አልተገኘም፤ ዱዌይን ጉንፋን ይዞታል። ብሪሴይዳ ወረቀት ስለሌላት አልገባንም፤ ከአጥሩ ውጪ ስንጠብቅ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ። ልጁን ሲያይ ከረጢቱን መሬት ላይ ጣለው። ሊነካት ፈርቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ጠረገ። "እጄ ይሸታል" አለ። ብሪሴይዳ "ያዛት እንግዲህ፣ ያንተው ናት" ብላ አስታቀፈችው።

ሁለቱም ኋላ ተቀመጡ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ አያየኝም። የታጨደውን የበቆሎ ማሳ ሁሉ አለፍነው፤ ሦስት ሰዓት።

"ዴንቨር ያሉት ሌላ ሰው ቀጠሩ" አለች ብሪሴይዳ፣ ለሱ።

"ነግረውኛል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን። ካርዱ እስኪመጣ አሳማ ቤት ነው። ማርች ላይ ዳኛው ፊት እቀርባለሁ። ከካውንቲው አልወጣም።"

አንድ ቦታ ላይ መኪናዋ ወደ መንገዱ ዳር ሸርተት አለችብኝ፤ ደክሞኝ ነበር። "ቁሚ፣ እኔ ልንዳ" አለ፤ አፉ ለምዶበት። መስኮቱን ከፈትኩና ቀጠልኩ።

ቤታቸው በር ላይ አቆምኩ። ብሪሴይዳ ልጅቱን ይዛ ገባች። እሱ በኔ መስኮት በኩል ዞሮ መጣ። ይቅርታ ልጠይቀው በመንገዱ ሁሉ ቃል ስመርጥ ነበር የመጣሁት።

"ኦዲልያ" አለ። እታለም ሳይል በስሜ ሲጠራኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። "አድራሻዬን ቀይሬያለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤው ወደኔ ቤት ነው የሚመጣው።"

"ጥሩ አደረግህ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ገባ። በሩ ተቆለፈ።

እነሱ የሚኖሩት ከኛ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ከወጥ ቤቴ መስኮት ጣሪያቸው ይታያል። የትም አልሄደም።